የዓሊማ አውራ ጣት

ዓሊማ ስትናደድ እንቁላል አትመታም። በንዴት የተመታ እንቁላል አረፋው አይቆምም ትላለች፤ እውነት ይሁን ሰበብ እሷ ታውቃለች። ቃሊቲ ከመናኸሪያው ጀርባ ያሉ ጎረቤቶቿ ይህን ጠባይዋን ስለለመዱት የመምቻ ማሽኗ ጠዋት ካልጮኸ «ዛሬ ደግሞ ማን ነካብን?» ይባባላሉ። ዘንድሮ ከረመዳን ዒድ በኋላ ማሽኑ ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለ። የነካት ሌላ ሰው አይደለም፤ የገዛ ልጇ ራውዳ ናት።

ራውዳ የዓሊማ አንድ ልጅ ናት። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሰባት ዓመት ስትሠራ ቆይታ ልታገባ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ያጫት ሙንታሲር የቂሊንጦ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ከወሎ መጥተው አይሱዙ እያሠሩ የሚኖሩ፣ ዘመደ ብዙ ሰዎች ናቸው። ቀኑ ተቆረጠ፣ አዳራሹ ተያዘ፣ ቬሎው ተመረጠ፣ ስለ መኪናው እንኳ ሁለት ማታ ክርክር ተደረገ። ዓሊማ ይህን ሁሉ እየሰማች አንድ ነገር ትጠብቅ ነበር። ልጇ መጥታ «እማ፣ ኬኬን ሥሪልኝ» እንድትላት።

ኬክ ሥራዋ ነዋ። የዚያ ሠፈር ልደትና ምርቃት ያለ እሷ ኬክ አልፎ አያውቅም። የማረሚያ ቤቱ ጠባቂዎች ለልጆቻቸው፣ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሴቶች ለጓደኞቻቸው የሚያዙት ከእሷ ነው። አልጋዋ ሥር ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ አለ። ራውዳ አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው ዓሊማ የገዛችው። ስንት ሠርግ ሲመጣ ስንት ሰው «ትልቅ ይሁን» ሲላት አንድም ቀን አላወጣችውም። ለማን እንደተቀመጠ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ መናገርም ያለባት አይመስላትም ነበር።

ዒዱ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ራውዳ ምሳ ላይ እንዲህ አለቻት።

«እማ፣ ነገ ከእትዬ ሳፊያ ጋር ኬክ ልናዝ ቦሌ እንሄዳለን። አንቺም ነይና እንምረጥ።»

ሳፊያ የሙንታሲር አክስት ናት፤ በዚያ ቤት እሷ ያልፈቀደችው ነገር አይደረግም። ዓሊማ ጉርሻዋን ከአፏ መለሰችው።

«ኬክ ልታዙ? ከማን?»

«ዳሲቱ ኬክ የሚባል ቤት አለ። አንቺ አታውቂውም።»

«እኔስ ምን ሆኜ ነው?»

«እማ ደግሞ፣ ያንቺ እኮ የሠፈር ነው» አለች ራውዳ፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ። ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ለልደት ምናምን አሪፍ ነው። ይሄ ግን ሠርግ ነው፤ የሙንታሲር ዘመድ ከደሴ ከኮምቦልቻ ተጠራርቶ ነው የሚመጣው። እስቲ ይሄን እዪ፣ እንደዚህ ዓይነት አበባ ትሠሪያለሽ?»

ስልኳን አቀበለቻት። ባለ ሦስት ፎቅ ነጭ ኬክ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ጽጌረዳ ይወርድበታል። ዓሊማ ሥዕሉን አየችና ደሟ ፈላ። ይህን ኬክ በጥር፣ መብራት ሁለቴ ጠፍቶባት፣ አሁን ምሳ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ የሠራችው ራሷ ናት። ጽጌረዳዎቹ ሁሉ ወደ ግራ አዘንብለዋል። የሷ ጽጌረዳ ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም።

ለምን እንደሚያዘነብል ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ዓሊማ ከወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ አቃቂ የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንድ ክር ፋብሪካ ገባች፣ የከባድ መኪና ሹፌሩን ሙሀመድሰዒድን አገባች፣ ወለደች። ራውዳ የስምንት ወር ልጅ ሳለች የፋብሪካው ማሽን የዓሊማን የቀኝ አውራ ጣት ጫፍ ከነጥፍሩ ወሰደው። እሷ ትዝ የሚላት ሕመሙ አይደለም፤ ያን ሰሞን ልጇን በአንድ እጅ ማልበስ አቅቷት ሁለቱም መሬት ተቀምጠው ማልቀሳቸው ነው። ፋብሪካው በዚህ እጅ ክር አይቀጠልም ብሎ ወደ ሠራተኞች ክበብ አዛወራት። እዚያ ዳቦ የሚጋግሩ አንድ ሽማግሌ፣ አቶ ፍቅሩ የሚባሉ፣ ኬክ አስተማሯት። ከዚያ ሳሪስ አቦ አንድ ኬክ ቤት ሰባት ዓመት ሠራች። ባሏ ሲሞት ባለቻት ጥሪት ምድጃ ገዝታ ግቢዋ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል የሥራ ቤት አደረገች።

የስኳር ጽጌረዳ ቅጠሉ የሚጠፈጠፈው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ነው። የዓሊማ አውራ ጣት አጭር ስለሆነ አንደኛው ጎን በደንብ አይጫንም፤ አበባው ሲደርቅ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። ሳሪስ ሳለች ለማቃናት ያላደረገችው የለም። በኋላ ተወችው፤ ለነገሩ እንዲያውም ያምርበታል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ዳሲቱ የምትባል የቦሌ ኬክ ቤት ባለቤት አንድ ሠርግ ላይ ይህን አበባ አይታ አድራሻ ጠያይቃ ቃሊቲ ድረስ መጣች። እጅሽ ይባረክ አለቻት፣ ዓሊማዬ አለቻት። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች። ሠርግ በሠርግ እኔ አዝዝልሻለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ፤ ግን ቦሌ ሰው ከቃሊቲ የመጣ ኬክ ነው ከተባለ አይገዛምና ነገሩ በመሃላችን ይቅር አለች። ዓሊማ እሺ አለች። ያኔ አልተናደደችም። መናደድ የነበረባት ያኔ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤቷ የቀነኒሳ ቪትዝ ውስጥ ኬኩን ጉልበቷ ላይ ይዛ፣ በየጉድጓዱ ቢስሚላሂ እያለች ቦሌ ታደርሳለች። በጓሮ በር አስረክባ ትመለሳለች። ለሠፈሩ ደግሞ ሠፈሩ የሚፈልገውን፣ ሮዝ ክሬም ያለበትን፣ መልካም ልደት የተጻፈበትን ትሠራለች። ራውዳ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው። ለዒድ ስትመጣ እናቷ ትእዛዝ አትቀበልም፤ ስልክ ላይ ደግሞ ዓሊማ ምንም ትንፍሽ አላለችም። ቃል ቃል ነው፤ ያም ሆነ ይህ ለራውዳ የነገሩት ለቲክቶክ የነገሩት ነው።

ስልኩን መለሰችላት። «ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት?» አለች።

በኋላ ቀነኒሳ «ለምን ሄድሽ ግን?» ብሎ ቢጠይቃት «በደህና ልብሴ የራሴን ኬክ ልገዛ» አለችው። እውነቱን ለመናገር ለምን እንደሄደች እሷም አታውቅም። ሌሊቱን ስትገላበጥ ነው ያደረችው። ልጇ ላይ አረረች፣ ዳሲቱ ላይ አረረች፣ ከሁሉ የባሰ ራሷ ላይ። ስሟን ለሰው አውልቃ ሰጥታ፣ ልጇ ሳታውቅ ብትንቃት ማንን ትከሳለች?

ዳሲቱ ኬክ በፊት በር ሲገባበት ሌላ ቤት ነው። ዓሊማ በዚያ በኩል ገብታ አታውቅም። መስታወት በመስታወት፣ ሶፋው ነጭ፣ ሠራተኞቹ ጓንት ያጠለቁ። ሙንታሲር መኪና ማቆሚያ አጥቶ ውጭ ቀረ፤ ሦስቱ ሴቶች ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ዳሲቱ ራሷ ትልቅ የፎቶ አልበም ይዛ ፈገግ ብላ መጣች። ዓሊማን ስታይ ፈገግታዋ አልጠፋም፣ ግን እዚያው ደረቀ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። ወደ ዓሊማ ዞራም «እናት፣ እርስዎ የሙሽሪት እናት ነዎት?» ስትል ጠየቀች።

እርስዎ። ስድስት ዓመት በስልክ አንቺ፣ ዓሊማዬ፣ ነፍሴ ስትላት የኖረች ሴት ዛሬ እርስዎ አለቻት። ዓሊማ ጥርሷን ነክሳ «አዎ፣ የሙሽሪት እናት ነኝ» አለች።

አልበሙ ተገለጠ። ዓሊማ ገጽ በገጽ የራሷን እጅ አየች። ይኼ አቧራ የገባበት ቀን የተሠራው ነው። ይኼኛው ምድጃው አልሞቅ ብሎ ያስለቀሳት። ራውዳ በየገጹ «ዋው፣ እማ ይሄን እዪው» ትላለች። በመጨረሻ ያንን ባለ ጽጌረዳውን አገኘችና ጣቷን ጫነችበት።

«ይሄ ነው። በቃ ይሄ።»

ሳፊያ እስካሁን ዝም ብላ ሻይዋን ስትጠጣ ነበር። ስኒዋን አስቀመጠች።

«አበባው ጥሩ ነው» አለች። «እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። እንግዶቻችን ሐላል ካልሆነ በአፋቸው አይነኩትም። አልኮል ያለበት ማጣፈጫ ትጨምራላችሁ? ጀላቲንስ ከየትኛው እንስሳ የተሠራ ነው የምታስገቡት?»

«ምንም እንዳያሳስብዎ» አለች ዳሲቱ ፈጠን ብላ። «የሠርግ ኬክ የምትሠራልን ሙስሊም ናት።»

«ሙስሊም ማን?»

«የወሎ ሴት ናት። ሶላቷን ሳትሰግድ እጇን ዱቄት ውስጥ አትከትም። አንዴ ሳላውቅ አልኮል ያለበት ማጣፈጫ ብልክላት ቦይ ውስጥ ደፍታ ባዶ ጠርሙሱን መለሰችልኝ፤ ይህን ያህል ናት።»

«እንዲህ ከሆነች ደግ። ስሟ ማን ነው? እኛም የወሎ ሰዎች ነን፣ ዘር ማንዘሯን አጠያይቄ ልቤ ይረፍ።»

ዳሲቱ ዓሊማን ላለማየት አልበሙን ታስተካክል ጀመር። «የሠራተኞቻችንን ስም አንናገርም። የቤቱ አሠራር ነው።»

የዓሊማ ሶላት ለገበያ ወጥቶ ይቸረቸራል፣ ስሟ ግን ይደበቃል። እንደዚያም ሆኖ አፏን አልከፈተችም። ብትከፍት የስድስት ዓመት እንጀራዋ በዚህ ሶፋ ላይ ያበቃል፤ ልጇም በእጮኛዋ አክስት ፊት ታፍራለች።

ሳፊያ ቦርሳዋን አንስታ ቆመች። «ስም የሌላት ሴት የጋገረችውን እኔ ለእንግዳ አላቀርብም። ተነሱ እንሂድ።»

«እትዬ ሳፊያ፣ እባክዎ» አለች ራውዳ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ግራ ሲገባት ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ አንቺ ኬክ ታውቂያለሽ። ምንም እንደሌለበት አንቺ ንገሪያቸው።»

ይኼኔ ነው የዓሊማ ልጓም የተበጠሰው። በሌላ ሴት ስም ለሚሸጥ የራሷ ኬክ፣ ለልጇ ሠርግ፣ ምስክር ሁኚ ተባለች።

«ምንም የለበትም» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ዝቅ ነው ያለው። «ዱቄት፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ በጣም ትንሽ ሄል።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?» አለች ሳፊያ።

ዓሊማ ቀኝ እጇን አልበሙ ላይ፣ ካዘነበሉት ጽጌረዳዎች አጠገብ አስቀመጠች። አጭሩ አውራ ጣቷ ከፎቶው ጎን ተጋደመ።

«ዳሲቱ፣ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

«ዓሊማዬ፣ ተይ እንጂ» አለች ዳሲቱ።

ዓሊማ ሌላ መናገር አላስፈለጋትም። ራውዳ መጀመሪያ ዳሲቱን፣ ቀጥላ የእናቷን ጣት፣ ቀጥላ ፎቶውን አየች። አበባዎቹን አንድ በአንድ ታይ ጀመር፤ ሁሉም ወደ ግራ ነበሩ። ሳፊያም ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«የእናትሽን እጅ አታውቂውም?» አለቻት ራውዳን።

«እትዬ ሳፊያ፣ ልጄን እኔ እናገራታለሁ፤ እርስዎ ይተዉልኝ» አለች ዓሊማ፣ ንዴቷ ሳይበርድ። ሳፊያ ተቀይማ እንደሆነ ዛሬም አይታወቅም።

ዳሲቱ እስከ በሩ ተከትላ «እንዲህ ነው ስምምነታችን?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ስምምነታችን እዚህ ላይ አለቀ። ለሚመጣው ጥር አበባ ስትፈልጊ እንደ እኔ ቁጭ ብለሽ ጠፍጥፊ» አለች ዓሊማ። ሹክሹክታ አልነበረም፤ ጓንት ያጠለቁት ሠራተኞች ሁሉ ሰሙ።

በመኪናው ወደ ቃሊቲ ተመለሱ። ሙንታሲር፣ ምንም የማያውቅ ምስኪን፣ ቀለበት መንገዱ ላይ «እና ኬኩ ተመረጠ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ ሲያጣ ሬዲዮ ከፈተ። አክስቱ ዘጋችው።

ማሽኑ ዝም ያለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። በመጀመሪያው ቀን ራውዳ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ «አላወቅኩም እኮ እማ» አለች።

«አለማወቅሽ አይደለም ያናደደኝ» አለቻት ዓሊማ። «ሳታዪ መናቅሽ ነው። የሥራ ቤቴን በር ከፍተሽ እስቲ ምን ትሠሪያለሽ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ሰባት ዓመት ሙሉ በመጣሽ ቁጥር ስልክሽን እያየሽ በዚያ በር ታልፊያለሽ።»

በሁለተኛው ቀን ምሳ ለየብቻ በሉ። ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ኬክ አልታዘዘም። ሳፊያ ደውላ ሌላ ቤት ልፈልግ ስትል ራውዳ «አይሆንም፣ ይቆዩኝ» አለች፤ ዓሊማ በግድግዳው በኩል ሰማች። ሰምታም አልለዘበችም። ይቆዩኝ ማለት መለመን አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ዓሊማ ከገበያ ስትመለስ የአልጋዋ ሥር ተጠርጓል። ያ በላስቲክ ተጠቅልሎ የኖረ ቆርቆሮ ላስቲኩ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ የሥራ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ራውዳ አጠገቡ ቆማለች።

«ማን ንኪ አለሽ?» አለች ዓሊማ።

«ለማን ነው የገዛሽው?»

ዓሊማ ዘንቢሏን አስቀመጠች። ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። «አሥረኛ ክፍል ሳለሽ ነው የገዛሁት» አለች ብቻ።

«እማ፣ ሥሪልኝ» አለች ራውዳ። «እባክሽ።»

«የሠፈር ነው ብለሽ የለም?»

«ብያለሁ።»

«የሠፈር ነው። ከዚህ ሠፈር ነው ወጥቶ የሚመጣልሽ፤ ሳጥን የለው፣ የማንም ቤት ስም የተጻፈበት ካርድ የለው። ቀነኒሳ ነው የሚያደርሰው። እዚህ ላይ ከተስማማሽ እሠራለሁ።»

ራውዳ ጭንቅላቷን ነቅንቃ እሺ አለች። በማግሥቱ ጠዋት ማሽኑ ጮኸ። ጎረቤት ተመስገን አለ፤ ለንዴቷ መብረድ ሳይሆን ለልደት ኬኩ ብሎ።

በሠርጉ ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ዓሊማ የመጨረሻዎቹን ጽጌረዳዎች እየጠፈጠፈች ሳለ የሥራ ቤቱ በር ተከፈተ። ራውዳ ናት፣ እስከ ክንዷ ሂና ተቀብታ፣ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ። ቆርቆሮው የወለደው ትልቁ ፎቅ ከታች፣ ሁለቱ ከላይ፣ ነጭ ሆነው ቆመዋል።

«ላግዝሽ?» አለች።

«በሂና እጅ? እዚያ ጄሪካኑ ላይ ቁጭ በይ። አታግዢኝም፤ ታያለሽ። ሰባት ዓመት ያላየሽውን ዛሬ ታያለሽ፤ እስክጨርስ ፈቀቅ እንዳትዪ።»

ተቀመጠች። ዓሊማ የስኳሩን ሊጥ ቆነጠረች፣ ዘረጋች፣ በጎደለው ጣቷ ጫነች፣ ጠቀለለች። አንድ። ደግሞ ሌላ። ጣቷን በቀሚሷ ጠረግ እያደረገች ትቀጥላለች። ራውዳ ስልኳ መኝታ ቤት ቀርቷል፤ ቢኖርም በሂና አይያዝም። ዓይኗ ከዚያ ጣት አልተነቀለም። ያን ጣት በልጅነቷ እየያዘች መንገድ ተሻግራለች፣ በእሱ ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ስንቴ ስማዋለች። ሲሠራ ግን ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ያምሻል?» አለች በመጨረሻ።

«ሲበርድ ያመኛል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በበረደ ቁጥር። አሁን ዝም በይና እዪ።»

ራውዳ ከጄሪካኑ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች፤ በእጇ እንባዋን እንዳትጠርግ ሂናው አለ፣ ፊቷን እንዳታዞር እናቷ እዪ ብላታለች። እንባዋ አገጯ ላይ ተጠራቅሞ ዓሊማ አሁን ከደረደረቻቸው አበባዎች በላይ ተንጠለጠለ።

ዓሊማ ቀና አለች። ንዴቷ አልወጣላትም፤ የሚወጣላትም በአንድ ቀን አይመስልም። የሻሽዋን ጫፍ ስባ የልጇን አገጭ ጠረገችላት፣ ጠንከር አድርጋ፣ ልክ ሕፃን ሳለች እንደምታደርገው።

«ፈቀቅ በይ» አለቻት። «ስኳሩ እንባ አይችልም፣ ይቀልጥብኛል።»